ስለ ጥልፍ መኪና ሕመምና ስለ ተበላሸ ልብስ መዳን
በጋምቤላ ለሚገኙ የገጠር ተማሪ ቤቶች የተዘጋጀ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ለሚያየው ሰው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ለብዙ ቤት እንጀራ የሚሆን ነው። ይኸውም የጥልፍ መኪና ሥራውን እምቢ ባለ ጊዜ ምክንያቱ እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ፤ በሥራም ላይ ሳለ የተበላሸው ልብስ ሳይጣል እንዴት እንደሚድን ነው። ጥልፍ መማር የጀመረ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚመኘው አበባውንና ሐረጉን ማሳመር ነው፤ ይህም የሚነቀፍ ምኞት አይደለም። ዳሩ ግን ሥራው በተቃና ጊዜ ሁሉም ሰው ባለሙያ ይመስላል፤ እውነተኛው ባለሙያ የሚታወቀው ክሩ በተበጠሰ፤ ጨርቁም በተቀደደ ጊዜ ነው። ስለዚህ ንግግራችን ጌጡን ለሌላ ቀን ትቶ ስለ ችግሩ ይሆናል።

የጋምቤላ ከተማና ጨርቅ የቆየ ትውውቅ አላቸው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል፤ በኢታንግ አጠገብ በባሮ ወንዝ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት በኪራይ እንዲሰጥ ተፈቀደ፤ የወንዝ ዳርቻው ከ2000 ሜትር፤ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ከዚያም በኋላ ጣቢያው በጋምቤላ ቆመ። ክረምት ገብቶ ባሮ በሞላ ጊዜ መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል እስከዚህ ይደርሱ ነበር። ከደጋው የወረደውን ቡና ይጭናሉ፤ ያመጡትን ጨውና የጥጥ ጨርቅ ደግሞ ያራግፋሉ። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ በወጣች ጊዜ የኪራዩ ውል አበቃ፤ የመርከቡም ንግድ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆነው። ጨርቁ ግን አልቀረም፤ ዛሬ በመኪና መንገድ ይመጣል፤ ሰፊዎችም በየበረንዳው የእግር መኪናቸውን አቁመው ይሠሩበታል።

ያገሩም ሰው ለጌጥ ሥራ እንግዳ አይደለም። አኙዋዎችና ኑዌሮች ዶቃውን በቀለም በቀለሙ እየለዩ ሲሰኩት ያየ ሰው፤ ቀለምን ከቀለም ማስማማት ከተማሪ ቤት በፊት በቤት የተማሩት ጥበብ መሆኑን ያውቃል። ከድንበሩ ማዶ በደቡብ ሱዳንም ሴቶች ሚላያ የሚባለውን የአልጋ ልብስ በእጅ ጥልፍ ያስጌጡታል። እንግዲህ ዓይኑና ጣቱ ዝግጁ ነው፤ የጎደለው መኪናውን ማወቅ ብቻ ነው።

መኪናውንም ለማወቅ አስቀድሞ ያገሩን አየር ማወቅ ይገባል። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ቆላ ናት። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው የዝናብ ወራት እርጥበቱ ብረቱን ያዝገዋል፤ የተቀመጠውን ልብስ ያሻግተዋል። በበጋ ደግሞ አቧራው ከዘይቱ ጋር ተቦክቶ እንደ ጭቃ ይሆናል፤ ሙቀቱና ፀሐዩ ክሩን ያደርቀዋል፤ የሠራተኛው እጅ ላብ በነጭ ጨርቅ ላይ ይታተማል። ስለዚህ በደጋ አገር በወር አንድ ጊዜ የሚጠረግ መኪና በዚህ አገር በየሳምንቱ ቢጠረግ አይበዛበትም። ሥራ ባለቀ ጊዜም መኪናውን በደረቅ ጨርቅ መሸፈን፤ መርፌዎቹንም በዘይት በታሸ እራፊ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ከብዙ ወጪ ያድናል።

አሁን ወደ መኪናው እንመለስ። የስፌት መኪና የሚሰፋው በሁለት ክር ነው። ዓይኑ በጫፉ ላይ ያለው መርፌ የላይኛውን ክር ይዞ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከሥር ያለው መንጠቆ ያንን ክር ተቀብሎ ቦቢን በሚባለው ማጠንጠኛ ላይ ባለው የታች ክር ዙሪያ ያዞረዋል፤ ሁለቱም በጨርቁ ውስጥ ይጠላለፋሉ። አሜሪካዊው ኤልያስ ሃው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1846 የባለቤትነት መብት የተቀበለበት ስፌት ይኸው ነው፤ ከዚያ ወዲህ መኪናው በመልክ ቢለዋወጥም የዚህ አሠራር መሠረት አልተለወጠም። ዛሬ በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳ በኮምፒዩተር የሚታዘዘው የጥልፍ መኪናም ቢሆን ላይና ታች ክሩን የሚያጠላልፈው በዚሁ ዓይነት ነው። በበረንዳችን ያለችውን የእግር መኪና ሕመም የተረዳ ተማሪ ነገ ትልቁን መኪና ቢያገኝ አይደነግጥም ማለት ነው።

በእግር መኪና ጥልፍ ሲሠራ ጨርቁን የሚጫነው እግር ይወልቃል፤ ከሥር ያሉት ጨርቅ ሳቢ ጥርሶች ዝቅ ይደረጋሉ ወይም በብረት ሳህን ይሸፈናሉ፤ ጨርቁም በቀለበት ተወጥሮ በእጅ ይመራል። በዚህ ሥራ ላይ ለሚደርሰው ችግር ሁሉ አንድ ሕግ አለ፤ እርሱንም በቃላችሁ ያዙት፦ በርካሹና በቀላሉ ጀምሩ፤ በውዱና በከባዱ ጨርሱ፤ በአንድ ጊዜም ከአንድ ነገር በላይ አትለውጡ። መጀመሪያ ክሩን፤ ቀጥሎ መርፌውን፤ ቀጥሎ የክሩን መንገድ፤ ቀጥሎ ብናኙንና ዘይቱን ተመልከቱ፤ ብሎን የሚነካው በመጨረሻ ነው። ብዙ ሰዎች ግን ክሩ ገና አንድ ጊዜ ሲበጠስ ካቻቢቴ ያነሣሉ። አንዱን ብሎን ያጠብቃሉ፤ ሁለተኛውን ያላላሉ፤ በኋላም ጥንት የነበረበትን ስፍራ ስለማያስታውሱት አንድ የነበረው በሽታ ሦስት ይሆናል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው።

እንግዲህ በሽታዎቹን በየተራ እንመልከት።

አንደኛ፤ የላይኛው ክር ሲበጠስ። ክሩን በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ሳቡት፤ በቀላሉ ከተበጠሰ ክሩ አርጅቷልና ለወስዋሳ ስፌት አስቀምጡት፤ ለጥልፍ አይሆንም። ክሩ ብርቱ ከሆነ መርፌውን አውጥታችሁ ጫፉን በጥፍራችሁ ላይ በቀስታ አስኪዱት፤ ጥፍራችሁን ከጫረው ጫፉ ታጥፏልና ይለወጥ። የመርፌውም ውፍረት ለጨርቁና ለክሩ የሚስማማ ይሁን፤ ለስስ ጨርቅ 11 ቁጥር፤ ለመካከለኛ ጨርቅ 14 ቁጥር፤ እንደ ካኪ ላለው ወፍራም ጨርቅ 16 ቁጥር ይበቃል። ወፍራም የጥልፍ ክር በቀጭን መርፌ ዓይን ውስጥ ቢገባ በየምቱ እየታሸ ይላጣል። ከዚህም በቀር የእግር መኪና መርገጫው በስሕተት ወደ ኋላ ቢያዞረው ክሩ ወዲያው ይጠመጠማል፤ ይቆረጣልም፤ ጀማሪ ተማሪ ክር ሳያስገባ ባዶውን መኪና በመርገጥ እግሩን አስቀድሞ ያለማምድ።

ሁለተኛ፤ ስፌት ሲዘል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የመርፌ ነገር ነው። በመርፌው አካል ላይ አንድ ረጅም ቦይ አለ፤ ክሩ ወደ ዓይኑ የሚገባው ይህ ቦይ በሚገኝበት በኩል ነው። መርፌው ዞሮ ቢታሰር ወይም እስከ መጨረሻው ከፍ ብሎ ባይገባ መንጠቆው ክሩን ሊያገኘው አይችልም። በጥልፍ ሥራ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ፤ ጨርቁ በቀለበቱ ውስጥ ከላላ ከመርፌው ጋር አብሮ ይነሣል፤ ያን ጊዜ መንጠቆው የሚይዘው ክር አይተርፍም። የተወጠረው ጨርቅ በጣት ሲመታ እንደ ትንሽ ከበሮ መሰማት አለበት።

ሦስተኛ፤ ክሩ ከጨርቁ ሥር ሲተበተብ። ትብትቡ የሚታየው ከሥር ስለ ሆነ ሰው ሁሉ ጥፋቱን በታች ክር ላይ ያሳብባል፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ከላይ ነው። የእግር ማንሻው ከፍ ብሎ ሳለ የላይኛው ክር ማጥበቂያ ይከፈታል፤ ክሩም ያለ ልክ ይፈሳል። በተራ ስፌት ማንሻውን ማውረድ ማንም አይረሳም፤ እግሩ ጨርቁን ሲጫን ይታያልና። በጥልፍ ሥራ ግን እግሩ ስለ ወለቀ የሚታይ ነገር የለም፤ ስለዚህ ይረሳል። እግር ባይኖርም ማንሻውን አውርዱ! ይህን አንድ ቃል ያስታወሰ ተማሪ ከብዙ ብልሽት ይድናል። ክር በምታስገቡበት ጊዜ ደግሞ በተቃራኒው ማንሻው ከፍ ይበል፤ ያለዚያ ክሩ በማጥበቂያው ሳህኖች መካከል ሳይገባ በላያቸው ላይ ያልፋል።

አራተኛ፤ ጨርቁ ሲጨማደድ። ጥልፉ ካለቀ በኋላ ዙሪያው የሚኮማተር ከሆነ ወይ ክሩ ከመጠን በላይ ጠብቋል፤ ወይ ጨርቁ በቀለበት ሲወጠር ወደ አንድ ወገን ተስቧል፤ ወይም ለስስ ጨርቅ ደጋፊ አልተደረገለትም። ድሩና ማጉ በቀለበቱ ውስጥ ቀጥ ብለው ይቀመጡ። ከሥሩም ንጹሕ ወረቀት ወይም ስስ ጨርቅ አድርጉለት፤ ወረቀቱ ሥራው ሲያልቅ ተቀድዶ ይወጣል። የታተመ ጋዜጣ ግን አታድርጉ፤ ቀለሙ በላብና በእርጥበት ወደ ነጩ ጨርቅ ይሻገራል።

አምስተኛ፤ መኪናው ሲከብድ ወይም ሲጮህ። በመርፌው ሥር ያለውን ብረት ፈትታችሁ ብናኙን በትንሽ ብሩሽ ጥረጉ። ዘይቱ ደርቆ እንደ ሙጫ ከሆነ ጥቂት ነጭ ጋዝ በእራፊ ነክራችሁ አጥቡት፤ ይህ ሲደረግ በአጠገቡ እሳትም ሆነ የሚጨስ ነገር አይኑር። ከደረቀ በኋላ በየቀዳዳው አንድ አንድ ጠብታ የመኪና ዘይት ይበቃዋል። የወጥ ዘይት ፈጽሞ አይደረግ፤ እርሱ ሰንብቶ ይደርቅና መኪናውን ያጣብቀዋል። ዘይት ከተደረገም በኋላ የሰው ልብስ ከመስፋታችሁ በፊት በእራፊ ላይ ጥቂት ስፉ፤ የተረፈውን ዘይት እራፊው ይጠጣዋል።

እስከዚህ የተናገርነው ስለ መኪናው ነበር። አሁን ወደ ልብሱ እንምጣ። በእጃችሁ ያለው ጨርቅ የእናንተ አይደለም። ምናልባት የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ነው፤ ምናልባት አንዲት እናት ዓሣ ሸጣ ወይም በቆሎ ሸጣ ለልጅዋ የገዛችው የተማሪ ቤት ልብስ ነው። መኪና ቢሰበር መለወጫ ዕቃ ይገኝለታል፤ እንዲህ ያለ ልብስ ግን ለብዙ ቤተ ሰብ በዓመት አንድ ጊዜ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ብልሽት በደረሰ ጊዜ መጀመሪያ የሚደረገው ነገር ማቆም ነው። አትጎትቱ፤ አትተኩሱ፤ በሙቅ ውሃም አትጠቡ። ከብልሽቱ ይልቅ ልብሱን የሚገድለው ከብልሽቱ በኋላ በድንጋጤ የሚደረገው ነገር ነው።

እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት ተማሪ በነጭ የጥጥ ቀሚስ አንገትጌ ላይ ሐረግ ስትጠልፍ ክሩ ከሥር ተተበተበ፤ ጨርቁም በመርፌው ቀዳዳ ውስጥ ተሰንቅሮ ቀረ እንበል። እግርዋን ከመርገጫው ላይ ታንሣ። መሽከርከሪያውን በእጅዋ እያዞረች መርፌውን ከፍ ታድርግ። የላይኛውን ክር በመቀስ ትቁረጥ። ጨርቁ ያልተነሣላት እንደ ሆነ በመርፌው ሥር ያለውን ብረት ትፍታ፤ ትብትቡንም ከሥር በኩል ጥቂት በጥቂት ትቁረጥ። ያን ጊዜ ጨርቁ ሳይጎተት ይወጣል። የተበላሸውን ጥልፍ የምትተረትረው ከጀርባ በኩል፤ በሹል መቀስ ጫፍ፤ በየሦስቱ ወይም በየአራቱ ስፌት እየቆረጠች ነው፤ ከዚያ በኋላ የፊቱ ክር በጣት ይነቀላል። በምላጭ የሚተረትር ሰው ክሩንና ጨርቁን አብሮ ይቆርጣል። የመርፌው ቀዳዳዎች ቢታዩ ስፍራውን በንጹሕ ውሃ አርጥባ ድሩንና ማጉን በጥፍርዋ በቀስታ ትሰብስባቸው፤ የጥጥ ጨርቅ ይሸፍነዋል።

ጨርቁ የተቀደደ ከሆነስ? ከዚያው ልብስ ከታችኛው ቅምቅማት ወይም ከውስጥ ስፌቱ ትርፍ ላይ ትንሽ ጨርቅ ይቆረጥ፤ የራሱ ጨርቅ በቀለምም በእርጅናም ይመስለዋልና። ድሩ ከድሩ፤ ማጉ ከማጉ ጋር እንዲገጥም ከቀዳዳው ጀርባ ይደረግ፤ አስቀድሞ በእጅ ይወስወስ፤ ቀጥሎ የቀዳዳው ጠርዝ በቀጭን ክር ይያዝ። በመጨረሻም በላዩ ላይ አንድ ቅጠል ወይም አንድ አበባ ይጠለፍበት። ነገር ግን በአንገትጌው ቀኝ የተጨመረው ቅጠል በግራውም ይጨመር፤ ያን ጊዜ ጥፈቱ ጥፈት መሆኑ ቀርቶ የሥራው አንድ ክፍል ይሆናል። ደግሞም ቀዳዳው የመጣው ጥልፉ ከመጠን በላይ ከመጠቅጠቁ የተነሣ ከሆነ፤ አዲሱ ጥልፍ ሳሳ ብሎ ይሠራ፤ ያለዚያ ሁለተኛ ይቆረጣል።

ስለ እድፍም ጥቂት እንናገር። የመኪና ዘይት በልብስ ላይ ቢንጠባጠብ የተፈጨ ጠመኔ ወይም ዱቄት ወዲያው ይነስነስበት፤ ዘይቱን ከጠጣ በኋላ ይራገፍና በሳሙና ይታጠብ። ጣታችሁ በመርፌ ተወግቶ ደም ቢነካው በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና እጠቡት፤ ሙቅ ውሃ ደሙን ያጸናዋል። በነጭ ጥጥ ላይ ዝገት ቢወጣ የሎሚ ውሃና ጨው ተደርጎበት በፀሐይ ይሰጣ፤ በኋላም በብዙ ውሃ ይለቅለቅ። በረኪና ግን የዝገትን እድፍ ያብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። የሻገተ ልብስ በውጭ ይራገፍ፤ በሳሙና ይታጠብ፤ በፀሐይም በሚገባ ይድረቅ።

ከእድፍ ሁሉ የሚከፋው ቀይ ወይም ጥቁር ክር ቀለሙን በነጭ ቀሚስ ላይ ሲለቅ ነው። ለዚህ ዋናው መድኃኒት ከሥራው በፊት የሚደረግ ነው፦ ከክሩ አንድ ክንድ ቆርጣችሁ አርጥቡት፤ በነጭ እራፊ ጠቅልላችሁ ጭመቁት፤ እራፊው ከቀላ ያን ክር ለነጭ ልብስ አታድርጉት። ቀለሙ ከለቀቀ በኋላ ግን ልብሱ እንዲደርቅ አትተዉት፤ ካውያም አታስነኩት። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። ከደረቀና ከተተኮሰ ቀለሙ ከጨርቁ ጋር ይጸናል፤ ከዚያ በኋላ ማስለቀቁ እጅግ ያስቸግራል።

አሁን ደግሞ ከእጅ ጥበብ የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። ልብሱ በሚገባ ቢድንም ለባለቤቱ ይነገረው። «እመቤቴ፤ በዚህ በኩል ተቀዶብኝ ነበር፤ እንዲህ አድርጌ ጠግኜዋለሁ» ብላችሁ ስፍራውን አሳዩ፤ ዋጋውንም እንደ ተገቢው ቀንሱ። የተሰወረ ጥፈት በመጀመሪያው እጥበት ይገለጣል፤ ያን ጊዜ የሚጠፋው የአንድ ቀሚስ ዋጋ ሳይሆን የሠራተኛው ስም ነው። ጋምቤላን በመሰለ፤ ሰው ከሰው በሚተዋወቅበት ከተማ፤ ወሬ ከባሮ ውሃ ይፈጥናል። እውነቱን የተናገረች ልጅ ግን ያችው ሴት ለሁለተኛ ጊዜ ልብስዋን ይዛላት ትመጣለች።

ክቡራን መምህራን ሆይ፤ ይህ ትምህርት በቃል ብቻ እንዳይቀር በየተማሪ ቤቱ አንድ ትንሽ ሣጥን ቢዘጋጅ መልካም ነው። በውስጡም 11፤ 14 እና 16 ቁጥር መርፌዎች፤ ጥቂት የመኪና ዘይት፤ አንድ ብሩሽ፤ አንድ ሹል መቀስ፤ ጠመኔ፤ የነጭ ጨርቅ እራፊና አንድ ደብተር ይኑር። መኪናው በታመመ ቁጥር ተማሪዎቹ ቀኑን፤ ያዩትን ምልክት፤ የለወጡትን ነገርና የዳነበትን መንገድ በደብተሩ ይጻፉ። በአማርኛም ይሁን በአኙዋ፤ በኑዌርም ይሁን በመዠንግ ቋንቋ ይጻፍ፤ ዋናው ነገር መጻፉ ነው። ዓመት ሳይሞላ ያ ደብተር ስለዚያች መኪና ከማንኛውም መጽሐፍ የበለጠ ይናገራል፤ አዲስ የሚገቡትም ልጆች ታላላቆቻቸው የደረሱበትን ከዚያ ይቀጥላሉ።

እናንተም ተማሪዎች፤ ነገ ወደ መኪናችሁ ስትቀመጡ ከሁሉ በፊት ክሩን ሳቡ፤ መርፌውን ዳስሱ፤ ማንሻውን አውርዱ፤ በእራፊ ላይ ሞክሩ። ከዚያም የሰውን ልብስ በንጹሕ እጅ አንሡ። ትምህርታችሁን ፍሬ ያለው ያድርግላችሁ።